በምርቃት የተሰጠ መድኃኒት

ጎሮ ኮንዶሚኒየም፣ ብሎክ አሥራ ሰባት ሥር ባለችው የፈሂማ ሱቅ በሙሉው የሚሸጥ ነገር የለም። ዘይቱ በሲኒ፣ ሳሙናው በግማሽ፣ እንቁላሉ በፍሬ ይሸጣል፤ የሕፃን ዳይፐር ሳይቀር ከማሸጊያው እየወጣ አንድ አንድ ይሄዳል። ሰው ለዛሬ የሚበቃውን ይገዛል፤ ለነገ ደግሞ ነገ ይመጣል። ፈሂማ ስታስበው ዓለም ራሷ እንዲህ የተሠራች ይመስላታል። ፀሐይም ብትሆን በአንድ ጊዜ አትሰጥም፤ በየቀኑ ተቆንጥራ ነው የምትታደለው።

ሱቋን ያስወደደው ግን ቁንጠራው ሳይሆን ምርቃቱ ነው። ሩብ ኪሎ ምስር የገዛ ሰው ልኩ ከተሰፈረለት በኋላ አንድ ጭብጥ ይጨመርለታል። ሽንኩርት ለገዛ ቃሪያ፣ ሻይ ቅጠል ለገዛ ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ፣ ምንም ሳይገዛ ለወሬ ብቻ ለቆመ ደግሞ ከረሜላ ይመረቃል። ይህን የተማረችው ወሎ፣ ቢስቲማ ገበያ በርበሬ ይሸጡ ከነበሩት እናቷ ነው። እናቷ ሰፍረው ሲጨርሱ በጣታቸው ቆንጠር አድርገው ይጨምሩና፣ ይቺ እኮ ድሮም ያንቺ ነበረች፣ እኔ ዘንድ ተቀምጣ ነው እንጂ፣ ይሉ ነበር። ፈሂማ በአሥራ ስምንት ዓመቷ አክስቷን ተከትላ አዲስ አበባ ስትገባ ከቤት ያመጣችው ሀብት ይኸው አነጋገር ነው። ገርጂ መንገድ ዳር እንቁላል ስትሸጥ ከአሥሩ በኋላ አንድ ስለምትመርቅ አክስቷ ልታብድ ምንም አልቀራትም። ከተመራቂዎቹ አንዱ ሰዲቅ የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ስድስት ወር ሙሉ እየተመላለሰ ሲገዛ ከርሞ፣ ከተጋቡ በኋላ እንቁላል ጨርሶ እንደማይወድ ታወቀ። ሪሀና ተወለደች። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣላቸው ጎሮ ገና ከጤፍ ማሳ ጋር ድንበር ትጋራ ነበር፤ ዛሬ ማሳው ፎቅ ሆኗል፤ ከቦሌ የሚነሳው አውሮፕላን በላይ ባለፈ ቁጥር የፈሂማ የለስላሳ ጠርሙሶች እርስ በርስ ተነካክተው በሹክሹክታ ያወራሉ።

ሕመሙ የጀመራት ከዒድ በኋላ ነው። ጠዋት ጠዋት አንድ ነገር ከራሷ ውስጥ ሆኖ አጥንቱን ወደ ውጭ የሚገፋው ይመስላታል። ጥቁር አዝሙድ በማር ወሰደች፤ ዋግምት ተነቀለች፤ ከፀሐይ ነው ብላ ጥላ ያዘች። ክረምቱ ገብቶ ፀሐይ ስትጠፋ ደግሞ ከብርዱ ነው አለች። ከዚያ የዓለም ግራ ጎን ጠፋ። ፈሂማ መጥፋቱን አላወቀችም፤ የሚጠፋ ነገር መቼ ጠፋሁ ብሎ ይናገራል? የሱቋን የግራ መቃን በትከሻዋ መምታት ጀመረች። በግራ በኩል የቆመ ደንበኛ ሳይስተናገድ ይቀራል። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛው ጋሽ ገሰሰ ሦስት ቀን ከግራ በኩል እንደምን አደርሽ ብለው ሦስቱንም ቀን መልስ ስላጡ፣ ይቺ ሴት ሀብት አናቷ ላይ ወጣ ብለው ደመደሙና ሁለት ሳምንት ሙሉ ሽንኩርት ከጉርድ ሾላ እየተሸከሙ አመጡ።

ነገሩን የነቃችበት ሪሀና ናት። ሪሀና ኤርፖርት አካባቢ የዕቃ ማጓጓዣ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች፤ ነገርን በመስመር በመስመር ማየት ልማዷ ነው። እናቷ የሳህኑን ቀኝ በልታ ግራውን እንዳለ ስትተወው ሁለት ቀን ተመለከተችና በሦስተኛው ቀን ይዛት ሄደች።

ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ሐሩን ይባላል። ዕድሜው ገና ነው፤ ጣቶቹ ግን የሽማግሌ ትዕግሥት አላቸው። የኤምአርአዩን ፊልም ብርሃን ላይ ሰቅሎ ሎሚ የምታህል ነጭ ነገር አሳያቸው። አንጎልን ከሚሸፍነው ስስ ሽፋን የበቀለች ዕጢ ናት፤ ቀስ ብላ የምታድግ፣ ክፉ ዘርም የማትመስል። ችግሩ ግን ዙሪያዋን ያለው አንጎል አብጧል። ሌላ አካል ሲያብጥ ቆዳው ይለጠጣል፤ ራስ ቅል ግን አጥንት ነው፣ ለማንም ቦታ አይለቅም፤ ስለዚህ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ራስ ምታቱም፣ ማቅለሽለሹም፣ የግራው ዓለም መጥፋትም ከዚያ ነው። ከመክፈቱ በፊት እብጠቱን የሚያሳርፍ መድኃኒት ጻፈላት፤ ዴክሳሜታሶን፤ ትንንሽ ነጭ ፍሬዎች፤ በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ ጋር፣ ለዘጠኝ ቀን። አንድም እንዳይጎድል፣ በድንገትም እንዳይቋረጥ ደጋግሞ አስጠነቀቀ። ዛሬ ሰኞ ነው፤ የሚመጣው ሳምንት ረቡዕ ቀዶ ሕክምናው ይደረጋል።

ሪሀና ሁሉንም ጻፈች። ፈሂማ የሰማችው ግን «እንከፍታለን» የሚለውን ብቻ ነው። ከወጡ በኋላ ታክሲ ውስጥ ያሳሰባትን ነገር ለልጇ ነገረቻት። የብሎክ አሥራ ሰባት ምስጢር ሁሉ ያለው እዚያ ራስ ውስጥ ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ የማን ልጅ ማንን እንደሚያጫውት፣ ማን ጥርሱን እንዳስተከለ። ክዳኑ ሲነሳ ያ ሁሉ ሐኪም ቆሞ ሊያይ ነው? ሪሀና ሳቀች። ፈሂማ ግን ከቀልዱ በታች ያለውን ፍርሃት በመስኮቱ በኩል አሳልፋ ወደ ዝናቡ ተመለከተች።

ማክሰኞ ጠዋት ነቅታ ራስ ምታቷን ፈለገችው። እንደጠፋ ቁልፍ በየጥጉ ፈለገችው፤ ግንባሯን ነካች፣ ማጅራቷን አሸች፣ ጎንበስ ቀና አለች። የለም። ለአራት ወር ከእሷ ጋር ያደረ እንግዳ ደህና ሁኚ እንኳን ሳይላት ሄዷል። ደጅ ስትወጣ ካፊያው እያንዳንዱን የቆርቆሮ ጫፍ በመርፌ የሰፋው ይመስል ነበር፤ ይህን ያህል ጥርት ያለ ጠዋት አይታ አታውቅም። ከዚያ ራባት። ቁርሷን በላች፤ የሪሀናንም ቁርስ በላች፤ ለምሳ የተሠራውን ቀምሳ ጨረሰችው። እንቅልፍ አልወስዳት ሲል ከሱብሒ ሶላት በፊት ተነሥታ የሱቋን መደርደሪያ እንዳለ ገለበጠችው፤ ሳሙናው በፓስታ ቦታ፣ ፓስታው በሳሙና ቦታ ሆነ። ጋሽ ገሰሰ በግራ በኩል ሊያልፉ ሲሉ ፊቷን አዙራ እንዴት አደሩ ጋሼ ስትላቸው ደነገጡና ያላሰቡትን ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት ገዙ።

አሁን የፈሂማን ሒሳብ ስሙ። አንድ ቀን የተወሰደ መድኃኒት ይህን ካደረገ የዘጠኝ ቀኑ ምን ሊያደርግ ነው? እሷ ድናለች። የዳነ ሰው ደግሞ መድኃኒት ምን ያደርግለታል? ይተርፋል። የተረፈ ነገር በፈሂማ ሱቅ አንድ ስም ብቻ አለው።

የመጀመሪያው ተመራቂ ላጲሶ ነበር። ላጲሶ የጎሮ ታክሲ ተራ አስከባሪ ነው፤ ከሆሳዕና መጥቶ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ቦሌ፣ ጉርድ ሾላ» እያለ ሲጮህ ድምፁ እንደ ብሬክ ሸራ ያለቀበት ሰው። ረቡዕ ጠዋት ራሴን አመመኝ ብሎ ከረሜላ ሲጠይቃት ፈሂማ በመቀስ ከሽፋኑ ጋር ቆርጣ አንዷን ነጭ ፍሬ ሰጠችው። ከሰዓት ሲመለስ ፊቱ በርቷል፤ ሌላ አንድ መረቀችው። ሐሙስ ሁለት ፍሬ ጉልበቷን ለሚያማት ልብስ ሰፊ ሄደ። ዓርብና ቅዳሜ ተራው የጋሽ ገሰሰ ወገብ ሆነ። መድኃኒት መሸጥ ሐራም ነው ትላለች ፈሂማ፤ ደግሞም እውነቷን ነው፣ አንድ ሳንቲም አልተቀበለችም።

ሪሀና ማታ ማታ ፍሬዎቹን ትቆጥራለች። ፈሂማ ልጇን ታውቃታለችና ዘዴውን ቀድማ አስባበታለች፤ ሁለት ትመርቃለች፣ አንድ ትውጣለች። በቀን ሦስት ይጎድላል። ሪሀና ቆጥራ ልክ ነው ትላለች፤ እናቷ በንጹሕ ፊት፣ ታዲያ እኔ ምን አለብኝ፣ መድኃኒቴን እውጣለሁ እንጂ፣ ትላለች።

ዓርብ ዕለት ደግሞ ረቡዕን ራሱን መረቀችው። ወደ ሆስፒታሉ ደወለች፤ ስልኩን ያነሳችው የሺአረግ የምትባል ነርስ ናት። ፈሂማ እሷ እንደዳነች፣ አልሐምዱሊላህ አሁን ፍየል ብትሰጣት ሙሉውን እንደምትበላ፣ ስለዚህ ያ የረቡዕ ቀን ለሌላ ለተቸገረ እንዲሰጥላት ነገረቻት። የሺአረግ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ እንደማይወሰን፣ መድኃኒቱንም እንዳታቋርጥ ነግራት ለሐኪሙ አስተላለፈች። ዶክተር ሐሩን በዚያው ቀን ሁለት ጊዜ ደወለ። ፈሂማ ቁጥሩን አይታ ስልኩን ከስኳሩ ከረጢት ሥር አስቀመጠችው። ከተደዋወሉ መልሶ ሊያሳምማት ነው።

በዚህ መሐል የምስጋናው ድምፅ መለወጥ ጀመረ። ላጲሶ መጥቶ ያ ነገር ጉድ እንደሠራው ተናገረ፤ ሌሊቱን ሙሉ ዐይኑ አልተከደነም፣ ሚስቱ ለቤተሰቡ ያዘጋጀችውን ቆጮ ብቻውን ጨርሶ ተጣልተዋል። ቢሆንም አንድ ፍሬ ይጨመርልኝ አለ። ልብስ ሰፊዋ ግን ሆዷን አቃጥሏት ሁለት ቀን ስፌት እንዳልተቀመጠች መልእክት ላከች። ፈሂማ ለዚያ ወተት ላከችላት። ምርቃት ላይ ምርቃት።

እሑድ ጠዋት እንግዳው ተመለሰ። ሳያንኳኳ ገባ፤ በአራት ቀን ውስጥ የወፈረ ይመስል ነበር። ፈሂማን ሁለት ጊዜ አስመለሳት። ሪሀና ለዘመድ ለቅሶ ቡልቡላ ወርዳ ነበርና ያየ ሰው የለም። ሱቋን ከፈተች፤ በባንኮኒው ላይ ተደግፋ አውሮፕላኑ እስኪያልፍ ድረስ ጥርሷን ነክሳ ቆየች። ጠርሙሶቹ ሲንሾካሾኩ ስለ እሷ የሚያወሩ መሰላት።

ጋሽ ገሰሰ የመጡት ያን ጊዜ ነው። ሊጣሉ ነው የመጡት። የስኳር በሽተኛ ናቸው፤ ይህን ጎሮ ሁሉ ያውቃል፤ ፈሂማ ራሷ ሻያቸውን ያለ ስኳር የምታፈላላቸው ሴት ናት። ወገቤ ለቀቀልኝ ብለው ተደስተው ሳሉ ያን ቀን ጠዋት ሲለኩ ስኳራቸው ከሦስት መቶ ሃምሳ በላይ ሆነ። ምራታቸው ጤና ጣቢያ ትሠራለች፤ ምን ዋጡ ብላ ሽፋኑን ባየች ጊዜ እጇን አናቷ ላይ ጫነች፤ ይህ መድኃኒት ስኳር ያለበት ሰው ያለ ሐኪም የሚነካው አይደለም። ይህን ሁሉ ጋሽ ገሰሰ በባንኮኒው ግራ በኩል ቆመው፣ ጣታቸውን እየቀሰሩ፣ እንደ ቀድሞ የዕድር ዳኛነታቸው በአንቀጽ በአንቀጽ ተናገሩ። ፈሂማ ድምፁን ሰማች። ጋሼ እያለች በቀኝ በኩል ላለው ባዶ ቦታ ይቅርታ ጠየቀች።

ሽማግሌው የስኳር መለኪያቸውን አውጥተው በቀስታ በግራዋ ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። አላየችውም። ወደ ፊቷ አስጠጉት። አላየችውም።

«ፈሂማ» አሉ፣ «እኔ እዚህ ነኝ።»

ራሷን ስታዞር ከመቃኑ ጋር ተጋጨች።

«ያንን ፍሬ አንቺ ስንት ትውጪ ነበር?»

ፈሂማ አንድ ጣት አሳየች፤ ከዚያ አንገቷን ደፋች።

ጋሽ ገሰሰ መለኪያቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ቁጣቸው የት እንደገባ አይታወቅም። «እኔ ወገብ መስሎኝ ነበር የመረቅሽኝ» አሉ። «ለካ ዐይንሽን ነው።»

ሪሀና ከቡልቡላ እስክትደርስ ጋሽ ገሰሰ የጠሩት ላጲሶ ከተራው መጀመሪያ ላይ ያለውን ሚኒባስ አስነሥቶ፣ የተሳፈሩትን ሰዎች በአንድ ቃል አስወርዶ፣ ፈሂማን ጋቢና አስቀምጧት ነበር። ሕዝቡ አላጉረመረመም፤ ግማሹ የሱቋ ተመራቂ ነው። ሪሀና መንገድ ላይ ስትሳፈር እናቷ ሁሉንም ነገረቻት፤ ቆጠራውን እንዴት እንዳታለለች ጭምር። ሪሀና አልጮኸችም። እጇን በእናቷ ጉልበት ላይ አድርጋ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ አላነሳችውም። ይህ ለፈሂማ ከጩኸት የከፋ ሆነባት።

ዶክተር ሐሩን ከቤቱ ተጠርቶ መጣ። ዐይኗን በብርሃን አየ፣ እጅ እግሯን ፈተነ፣ አዲስ ፊልም አስነሣ። ተመልሶ ሲመጣ ላጲሶ ገና በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሐኪሙ ላጲሶ ተራ አስከባሪ መሆኑን ጠይቆ ተረዳና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እናቴ፣ ሚኒባስ ውስጥ ትርፍ ሲጫን ወያላው ምን ይላል?»

«ጠጋ ጠጋ በሉ ነዋ» አለ ላጲሶ ከበሩ።

«ሰዎቹ ተጠጋግተው ቦታ ሲገኝ ትርፉ ወረደ ማለት ነው?»

«ኧረ የምን መውረድ! ተደላድሎ ይቀመጣል እንጂ።»

«መድኃኒቱ ጠጋ በሉ የሚለው ነው፤ የሚያወርደው እኔ ነኝ» አለ ሐኪሙ ወደ ፈሂማ ዞሮ። «አሁን ወያላውን አባረርሽው። ይህ መኪና ደግሞ በር የለውም።»

እስካሁን እርስዎ ሲላት የቆየው ሰው አንቺ ማለቱን ፈሂማ ልብ አለች። እናቷም ሲቆጡ እንዲህ ነበሩ፤ አክብሮቱን ለጊዜው ወደ ጎን ያስቀምጡታል።

ቀጥሎ የመጣው ግን ከቁጣው ይልቅ ከበዳት። ባበጠ አንጎል ላይ ራስ ቅል አይከፈትም፤ ቢከፈት አንጎሉ በቀዳዳው ወደ ውጭ ይገፋል። በደም ሥር በሚሰጥ መድኃኒት እብጠቱን ሊያሳርፉ ይሞክራሉ። እስከ ረቡዕ ጠዋት ካልጎደለ ቀኑ ያልፋል፤ ዐይኗ ደግሞ የሚጠብቃት አይመስልም። በዚያ ላይ ያ ረቡዕ አሁን የእሷ ብቻ አልነበረም። ስጡልኝ ብላ የሐኪሙንም ስልክ ስላላነሳች ፊሊጶስ የሚባል ሰው ከሻሸመኔ ተጠርቶ መጥቷል፤ ከእሷ ሦስት አልጋ ወዲያ ተኝቷል።

ፈሂማ ያን ማታ ሐኪም ፊት ተከራክራ የማታውቀውን ያህል በልቧ ተከራከረች። ረቡዕን ፈለገችው። ዓርብ ዕለት ሌላ ሰው ላይ የጣለችውን ቀን አሁን እንደ ልጅ ፈለገችው። ግን የተመረቀ ነገር ተመልሶ አይጠየቅም። እናቷ የሰጡትን አንድ ቁንጥር በርበሬ መልሽልኝ ያሉበት ቀን የለም። ፈሂማም መልሱልኝ የሚል ቃል አፏ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ አታውቅም ነበር።

የሺአረግ ጠርሙስ ይዛ መጣች። ማኒቶል ይባላል አለቻት። ፈሂማ ቀና ብላ በቀኝ ዐይኗ ጥግ ስታየው ግርጌው ላይ እንደ ስኳር የረጋ ነገር አለ። ሠላሳ ዓመት ዕቃ የተረከበች ሴት ናት፤ ይህ ዕቃ ቆይቷል፣ ለአከፋፋዩ ይመለስ አለች። የሺአረግ አልተቀየመችም። የተሠራው ከስኳር ዘመድ እንደሆነ፣ የሐምሌ ብርድ ሲነካው እንደሚረጋ፣ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ መልሶ እንደሚሟሟ፣ ኩልል እስኪልና እንደ ሰውነት ለብ እስኪል ድረስ ደግሞ ማንም ደም ሥር ውስጥ እንደማይገባ አስረዳቻት። ሥራው ካበጠው አንጎል ውሃ እየሳበ በደም በኩል፣ ከዚያም በሽንት በኩል ማውጣት ነው። ፈሂማ አሰበችበት። ማርም በብርድ ይረጋል፤ የማይረጋ ማር እንዲያውም የተጭበረበረ ነው። ማር ነው በይኛ ብላ ክንዷን ዘረጋች።

ከዚያ የሆነውን ለሰው ስትናገር እስከ ዛሬ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። ይህን ያህል ውሃ በአንዲት ሴት ውስጥ ይኖራል ብላ አታስብም ነበር። የሽንት ከረጢቱ ሞልቶ ተቀየረ፤ ደግሞ ሞላ። ጎሮ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ፣ እኔ ግን ቧንቧ ሆኜ አደርኩ አለች ለሪሀና።

ሰኞ ራስ ምታቱ ረገበ። ማክሰኞ ሰዲቅ ከጅቡቲ መንገድ በቀጥታ፣ አቧራውን ሳያራግፍ ገባ፤ አልጋው ግርጌ ቆሞ እግሯን በጋቢው ደጋግሞ ሸፈነው። ከሰዓት ዶክተር ሐሩን በግራዋ ቆሞ ስንት ጣት ይታይሻል አላት። ፈሂማ ክፍሉን ሙሉ ስትሰማ ውላለች፤ በሽተኛ ሁሉ የሚመልሰው ሁለት ነው። ሁለት አለች።

«እጄን ገና አላወጣሁትም» አለ ሐኪሙ።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አጣችና ረቡዕ ከነጋ በኋላ ሪሀናን ተደግፋ ወደ ፊሊጶስ አልጋ ሄደች። ፊሊጶስ የሻሸመኔ ድንች ነጋዴ ነው፤ ጎልማሳ፣ ትከሻው የበር መቃን የሚሞላ። ፈሂማ ቀኑን ልትጠይቀው አልመጣችም፤ እንዴት አደርክ ልትለው ብቻ ነበር። ግን አንደበቷ ከዳት፤ ፍሬዎቹን እንዴት እንደቆረጠች፣ ረቡዕን በስልክ እንዴት እንደሰጠች፣ አሁንም መልሱልኝ እንደማትል፣ እሱ እንዲገባና በሰላም እንዲወጣ ዱዓ እንደምታደርግለት ነገረችው።

«እትዬ፣ እኔ ላይ ያለው የሚቸኩል አይደለም ብለውኛል» አለ። «ጣቶቹ ከታዩዎት እርስዎ ይግቡ። እኔ ሐሙስ እገባለሁ። ሐሙስ ብሎ ቀን፣ ገበያ የሚቆምበት ቀን ነው፤ መልካም ነው።»

ፈሂማ ቆማ ቀረች። ሠላሳ አራት ዓመት ስትመርቅ የኖረች እጅ ናት፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰጣት ወዴት እንደምትዘረጋ አላወቀችም። የለም፣ አይሆንም ልትል ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ከዚያ ተቀበለች። መቀበል እንዲህ ከባድ ሥራ እንደሆነ፣ ደንበኞቿ በየቀኑ ያለ ድካም ሲሠሩት እንደኖሩ ሲገባት ዐይኗ እንባ ሞላ።

ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ፣ ፊሊጶስ ሐሳቡን የነገረው ዶክተር ሐሩን መጣ። አሁን እጁን አወጣ። ፈሂማ ወደ ግራዋ ሳትዞር ቀጥታ ፊት ለፊት አየች።

«ሦስት ጣት» አለች። «ሌላውን አጥፈኸዋል። ቀለበትም የለህም።»

ሪሀና ፊቷን በሻሽዋ ሸፈነች። ሐኪሙ ቀዶ ሐኪም በሥራ ቀን ቀለበት እንደማያደርግ ለማስረዳት ሞከረ፤ ፈሂማ፣ አንድ ቀን ደግሞ በማትሠራበት ቀን እናያለን አለችና አልጋው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ መገፋት ጀመረ። በሩ ላይ ዳግም ማኒቶሉ ተንጠለጠለ፤ ኩልል ያለ ነበር። ማደንዘዣ የሚሰጠው ሰው ጭንብሉን ሲያቀርብ ያየኸውን ለጎሮ ሰው እንዳትነግር ብላ ተማፀነችው። ቢስሚላህ ብላ ከአንድ እስከ አራት ቆጠረች። አምስትን አታስታውሰውም።

ስትነቃ ከሰዓት አልፎ ነበር። ራሷ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል፤ ከባድ ነው፣ ግን የሚገፋ ነገር የለም። ስሟን ጠየቋት፤ ተናገረች። ያለችበትን ጠየቋት፤ ተናገረች። ሰዲቅ ከቀኟ፣ ሪሀና ከግራዋ ቆመዋል፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አየቻቸው፤ ሪሀና ለቅሶዋን ስትደብቅ አፍንጫዋ እንደሚቀላ እንኳ አየች። ዶክተር ሐሩን ላቡን እየጠረገ መጣ። ራስ ቅሉ ሲከፈት አንጎሉ ረግቶ፣ ለስልሶ እንደጠበቃቸው፣ ዕጢዋም እንዳለች ሳትቆረስ እንደወጣች ነገራት። ለምርመራ ወደ ላቦራቶሪ ተልካለች።

ፈሂማ ከንፈሯን አርጥባ ስንት ትመዝን እንደነበር ጠየቀች። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከበሽተኛ ሰምቶ አያውቅም፤ ግን ወረቀቱን ገልጦ አየ።

«አርባ ስድስት ግራም።»

ፈሂማ ዐይኗን ጨፍና በመዳፏ ላይ ገመተችው። ይህን ሁሉ ዶፍ፣ ይህን ሁሉ ሰው፣ ያን ሁሉ ውሃ ያስነሣው አርባ ስድስት ግራም ነው። ሰዲቅ ወደ እሷ ጎንበስ ሲል በጆሮው፣ በርበሬ ቢሆን እኮ ለአንድ ድስት አይበቃም ነበር፣ አለችው፤ እንቅልፍም ወሰዳት።